ከውሻና ከድመት ጋር በትርኢት ጉዞ ላይ፦ ለተጓዥ የመድረክ ባለሙያዎች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ ሙዚቃ፣ ቴያትር፣ ዳንስ ወይም ሰርከስ የሚያሳይ ቡድን የቤት እንስሳ ይዞ ሲጓዝ ሌላው መንገደኛ የማያጋጥመው አንድ ችግር አለበት። ይኸውም በየትርኢቱ ቀን ሁሉም አባላት በአንድ ጊዜ መድረክ ላይ የሚሆኑበት፣ ስልክ የማያነሡበትና ማንኳኳት የማይሰሙበት የሁለትና የሦስት ሰዓት ጊዜ መኖሩ ነው። በእነዚያ ሰዓታት እንስሳው ባለቤት የለውም። የአብዛኛው ጥፋት መነሻ፣ ማለትም የመጥፋት፣ የመመረዝ፣ በሙቀት የመታፈንና በድንጋጤ ራስን የመጉዳት ምክንያት ይህ ክፍተት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ዝግጅቶች ሁሉ፣ ሰነዱም ሣጥኑም መኪናውም፣ እንስሳው እነዚያን ሰዓታት በደኅና እንዲያሳልፍ የታሰቡ ናቸው።

1. መሄድ የሚገባው መሆኑን መወሰን

የጉዞውን መርሐ ግብር ዘርግታችሁ በአንድ ቦታ ስንት ሌሊት እንደምታድሩ፣ ስንት ጊዜ በአውሮፕላን እንደምትሄዱና ስንት ድንበር እንደምታቋርጡ ቁጠሩ። በአንድ ከተማ አንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚቆይ ቡድን ለአብዛኛው ውሻና ለብዙ ድመቶችም የተረጋጋ ኑሮ ማዘጋጀት ይችላል። በየምሽቱ ከተማ የሚቀይርና አብዛኛውን መንገድ በአየር የሚጓዝ ቡድን ግን እንስሳውን ከሚያውቀውና ከሚያምነው ሰው ጋር ቤት ቢተወው ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ስለምንናፍቀው ብቻ ልናንከራትተው አይገባም።

ውሻ ባብዛኛው ሰዉ እስካለ ድረስ ቦታ ቢቀየርበትም ይጸናል፤ ድመት ግን የምትረጋጋው በምታውቀው ቦታና ሽታ ነው። ያረጀ፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ፣ ወይም ነጎድጓድ ሲሰማ የሚንቀጠቀጥ ውሻ ከትርኢት ጉዞ ቢቀር ይመረጣል። እንደ ፓግና ቡልዶግ ያሉ አፍንጫቸው የተጨፈለቀ ዝርያዎች በሙቀትና በጭንቀት ጊዜ ለመተንፈስ ስለሚቸገሩ ብዙ አየር መንገዶች በዕቃ መጫኛ ክፍል አይቀበሏቸውም።

የባልደረቦችም ጉዳይ አለ። የእንስሳ ፀጉር አስም የሚቀሰቅስበት ድምፃዊ ወይም ትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋች በአንድ መኪና አብሮ ለሳምንታት እንዲጓዝ ማድረግ ሥራውን መንካት ነው። ይህ ጥያቄ ጉዞው ሳይጀመር፣ ሁሉም በተገኘበት፣ «አይሆንም» ያለ ሰው ሳይወቀስ መነሣት አለበት።

2. ኃላፊውን በስም መመደብ

«ሁላችንም እናየዋለን» የሚል ስምምነት ማንም አያየውም ማለት ነው። በየቀኑ የሥራ ዝርዝር ላይ፣ ከድምፅ ሙከራና ከትርኢት ሰዓት አጠገብ፣ የእንስሳው ኃላፊ ስም ይጻፍ። ኃላፊው በዚያ ሰዓት መድረክ ላይ የሌለ ሰው መሆን አለበት፤ የመብራት ወይም የድምፅ ባለሙያም በትርኢት ጊዜ እጁ ስለሚታሰር መድረክ ላይ እንዳለ ሰው ይቆጠራል። የልብስ ኃላፊ፣ የጉዞ አስተባባሪ፣ ሹፌር ወይም በየከተማው በክፍያ የሚጠብቅ ሰው ይሻላል። ቡድኑ ሁለትና ሦስት ሰው ብቻ ከሆነ ክፍያ የሚጠይቀውን ጠባቂ እንደ ነዳጅና እንደ ማደሪያ ቁርጥ ወጪ አድርጋችሁ በበጀቱ ውስጥ አስገቡት።

ኃላፊው የሚይዘው አንድ ገጽ ወረቀት ይኑር። የሚበላው ምግብና መጠኑ፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ የሚያስፈራው ነገር፣ ሲፈራ የት እንደሚደበቅ፣ በአቅራቢያው ሌሊት የሚሠራ የእንስሳት ሕክምና ቦታ ስልክና አድራሻ ይጻፍበት። የመጨረሻው መረጃ በየከተማው ስለሚለወጥ ከተማው ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት መታደስ አለበት፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሐኪም መፈለግ አስቸጋሪ ነው።

3. ሰነድና ክትባት፦ ከጉዞው ወራት ቀድሞ

ድንበር የሚሻገር ቡድን ብዙውን ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ሁሉም ከመጀመሪያው ስለሚደገም ነው። አስቀድሞ ማይክሮቺፕ፣ ማለትም መለያ ቁጥር የያዘ ትንሽ መሣሪያ፣ ከቆዳው ሥር ይቀበራል፤ 15 አኃዝ ያለውና አይኤስኦ 11784 እና 11785 የተባሉትን ዓለም አቀፍ ደረጃዎች የሚያሟላው ዓይነት በብዙ አገሮች ማንበቢያ መሣሪያ ይነበባል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ለአውሮፓ ኅብረት መግቢያ፣ ከማይክሮቺፑ በፊት የተሰጠ ክትባት እንዳልተሰጠ ይቆጠራል፤ እንስሳው ሲከተብ ቢያንስ 12 ሳምንት የሞላው መሆን አለበት፤ ከመጀመሪያው ክትባት በኋላም 21 ቀን መጠበቅ ግድ ነው። ኅብረቱ በዝርዝሩ ካላካተታቸው አገሮች ለሚመጣ እንስሳ ደግሞ ክትባቱ በሰውነቱ በቂ መከላከያ መፍጠሩን የሚያሳይ የደም ምርመራ ይጨመራል። ደሙ ከክትባቱ 30 ቀን በኋላ ይወሰዳል፤ ውጤቱ በሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት መሆን አለበት፤ ደሙ ከተወሰደ በኋላም ሦስት ወር ይጠበቃል። ሲደመር አራት ወር ያህል ይሆናልና የትርኢት ውል ከተፈረመ በኋላ የሚጀመር ጉዳይ አይደለም።

ሌሎች አገሮችም የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ታላቋ ብሪታንያ ከጥቂት አገሮች በቀር ከየትም የሚገባ ውሻ ከመግባቱ በፊት ከ24 እስከ 120 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የኮሶ ትል መድኃኒት በሐኪም እጅ እንዲሰጠውና በሰነዱ እንዲመዘገብ ትጠይቃለች። ሰኞ እየተጫወተ ማክሰኞ ባሕር የሚሻገር ቡድን ይህን ቀጠሮ ከትርኢት ቀኖቹ መካከል ማስገባት አለበት። ጃፓን የእብድ ውሻ በሽታ አለባቸው ከምትላቸው አገሮች ለሚመጡ እንስሳት የደም ናሙናው ከተወሰደ በኋላ 180 ቀን መጠበቅን ትጠይቃለች፤ ከመድረስ 40 ቀን በፊትም ማሳወቅን ታዛለች። አሜሪካ ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከስድስት ወር በታች የሆነ ውሻ አታስገባም። ደንቦች ስለሚሻሻሉ የምትሄዱበትን አገር የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት የቅርብ መመሪያ ራሳችሁ አንብቡ፤ የሰማችሁትን ብቻ ይዛችሁ አትንቀሳቀሱ።

ሰነዶቹን በሁለት ቅጂ ያዙ፤ ዋናው በኃላፊው እጅ፣ ፎቶው በሁለት ሰዎች ስልክ ውስጥ ይሁን። በማይክሮቺፑ መዝገብ ላይ ያለው ስልክ ቁጥር በጉዞ ላይ የሚሠራው መሆኑንም አረጋግጡ፤ የቤት ስልክ ተመዝግቦ ከሆነ ማይክሮቺፑ ቢነበብም የሚያነሣ ሰው የለም።

4. የጉዞ ሣጥኑን ቤት ማድረግ

ክፍሉ፣ መኪናውና ሆቴሉ ሲቀያየሩ ሳይለወጥ የሚቀረው ሣጥኑ ነው። በውስጡ ቆሞ ራሱ የማይነካ፣ ዞሮ መተኛት የሚችል መጠን ያስፈልጋል። ለአየር ጉዞ የሚገዛ ከሆነ የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር የሕያዋን እንስሳት ደንብን ማሟላቱን ሻጩን ብቻ ሳይሆን አየር መንገዱንም ጠይቁ።

ልምምዱ ከጉዞው ብዙ ሳምንታት ቀድሞ ይጀመር። በመጀመሪያ በሩ ክፍት ሆኖ ምግቡን እዚያ ይብላ፤ ወዶ ገብቶ መተኛት ሲጀምር ለጥቂት ደቂቃ ይዘጋ፤ ከዚያ እናንተ ከክፍሉ ወጥታችሁ ተመለሱ። ጊዜውን ቀስ በቀስ አራዝሙና በመጨረሻ የትርኢታችሁን ያህል ሰዓት ተኝቶ ማለፍ መቻሉን እዩ። ከጮኸ ወይም በሩን ከቧጠጠ ፍጥነታችሁ በዝቷል ማለት ነውና ወደ ኋላ ተመለሱ። ሣጥን በፍጹም ቅጣት መሆን የለበትም፤ አንድ ጊዜ በቁጣ የተዘጋበት ውሻ ያን ሣጥን ማረፊያዬ ብሎ ለማመን ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል። ውስጡ የሚነጠፈውን ጨርቅ ደግሞ ጉዞው ሊጀመር ሲል አትጠቡት፤ የገዛ ሽታው ለእንስሳው የቤት ያህል ነው።

በዚህ መካከል ድምፅንም አለማምዱ። የትርኢታችሁን ቅጂ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ እየተመገበ አሰሙት፤ ጆሮውን ካላቆመና መብላት ካላቋረጠ በሌላ ቀን ትንሽ ከፍ አድርጉ። ዓላማው በሩቅ ሲሰማ እንዳይደነግጥ እንጂ ከድምፅ ማጉያ አጠገብ እንዲቀመጥ ለማስቻል አይደለም። ሰው እስከ 20,000 ሄርዝ ሲሰማ ውሻ እስከ 45,000፣ ድመት እስከ 64,000 ሄርዝ ገደማ ይሰማሉ፤ ለእኛ ጸጥ ያለ የሚመስለው የመሣሪያ ቀጭን ድምፅ ለእነሱ ስለታም ጩኸት ሊሆን ይችላል።

5. በመንገድ ላይ

ሣጥኑ በኋላ መቀመጫ ወይም በዕቃ ቦታ በጠንካራ ቀበቶ ይታሰር። የታሸጉ መሣሪያዎች፣ ብረቶችና የመድረክ ዕቃዎች በላዩ ወይም ከጎኑ አይደርደሩ፤ ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ አንድ የድምፅ ማጉያ ሣጥኑን ይጨፈልቀዋል። ከመነሣት ሦስትና አራት ሰዓት በፊት ቀለል ያለ ምግብ ይሰጠው፤ በየሁለት ሰዓቱ ውሻው ወርዶ ይራመድ፣ ውኃም ይጠጣ። መንገድ የሚያስታውከው ከሆነ ሐኪሙ የማስታወክ መከላከያ ሊያዝለት ይችላል። አደንዝዞ ማጓጓዝን ግን በተለይ በአውሮፕላን አትሞክሩ፤ የደነዘዘ እንስሳ የሰውነቱን ሙቀትና አተነፋፈሱን በአግባቡ መቆጣጠር ያቅተዋል።

ስለ ሙቀት ጠንከር አድርጌ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም ዕቃ ሲራገፍ «ለአምስት ደቂቃ መኪና ውስጥ ይቆይ» የሚል ቃል ከየቡድኑ አፍ ስለማይጠፋ ነው። የውጭው አየር 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት ደስ የሚል ቀን እንኳ የተዘጋ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት 47 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ መስኮቱን ገርበብ ማድረግም ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ውሻ እንደ ሰው በመላ ሰውነቱ አያልበውም፤ በዋናነት የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። አምስቱ ደቂቃ ደግሞ የመድረኩ ኃላፊ ሲጣራና ገመድ ሲጠፋ አርባ ይሆናል። ውሻው በኃይል የሚያለከልክ፣ ድዱ በጣም የቀላ፣ ምራቁ የተዝረከረከና የሚንገዳገድ ከሆነ ወዲያውኑ ወደ ጥላ አውጡት፤ ገላውን በቀዝቃዛ ውኃ እያራሳችሁ ነፋስ አሰጡት፤ ወደ ሐኪም የምትወስዱትም ማቀዝቀዙን ጀምራችሁ ነው።

6. የትርኢት ቦታ ሲደረስ

ከአዘጋጁ ጋር በሚፈረመው የቴክኒክና የመስተንግዶ ዝርዝር ውስጥ የእንስሳውን ጉዳይ በጽሑፍ አስገቡ። የሚቆለፍ በር ያለው፣ ከድምፅ ማጉያዎቹ የራቀ፣ የጭስ ማሽን የማይደርስበት፣ አየር የሚገባው አንድ ክፍል ጠይቁ። ቦታው ይህን መስጠት ካልቻለ እንስሳው ማደሪያው ውስጥ ከኃላፊው ጋር ይቆያል፤ በኮሪደር ወይም በመጋረጃ ጀርባ አስሮ ማቆየት እንደ አማራጭ መታየት የለበትም።

ክፍሉን እንስሳው ከመግባቱ በፊት በጉልበታችሁ ተንበርክካችሁ መርምሩት፤ አደጋው የሚታየው ከእንስሳው ዐይን ከፍታ ነው። ከወንበር ሥር የወደቀ ክኒን፣ የገመድ አልባ ማይክሮፎን ባትሪ፣ ከልብስ ኃላፊ ሣጥን የተረፈ መርፌና ክር የሚገኙት እዚያ ነው። ክር ለድመት ልዩ አደጋ ነው፤ የተዋጠ ክር አንጀትን ሰብስቦ ሊቀደው ይችላል። ከአፍ ወይም ከኋላ በኩል የተንጠለጠለ ክር ብታዩ አትሳቡት፤ እንዳለ ወደ ሐኪም ውሰዷት።

ለመድረክ ባለሙያ ብቻ የሚደርሱ መርዞችም አሉ። ድምፃውያን ጉሮሮአቸውን ለማለስለስ የሚይዙት ስኳር የሌለው ማስቲካና የሚመጠጥ ከረሜላ ብዙ ጊዜ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ አለበት፤ ይህ ለውሻ በጥቂቱም ቢሆን የደም ስኳርን በድንገት የሚጥልና ጉበትን የሚጎዳ ነው። ዳንሰኞችና አክሮባቶች ለጡንቻ ሕመም የሚውጡት አይቡፕሮፌን ለውሻም ለድመትም አደገኛ ሲሆን፣ አንዲት የፓራሲታሞል ክኒን ድመትን ልትገድል ትችላለች። አዘጋጆች ለመስተንግዶ የሚያቀርቡት ቸኮላት፣ ወይን፣ ዘቢብና ሽንኩርት የበዛበት ምግብም ከእንስሳው ክፍል ይራቅ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ከትርኢቱ በኋላ በደስታ የሚበረከተው እቅፍ አበባ ነው። በውስጡ ሊሊ ካለ፣ ድመቷ ከፀጉሯ ላይ የላሰችው የአበባው ብናኝ ወይም የማስቀመጫው ውኃ እንኳ ኩላሊቷን ሊያጠፋው ይችላል። ድመት ያለበት ቡድን የሚሰጠውን አበባ ተቀብሎ ለቲያትር ቤቱ ሠራተኞች ቢያስተላልፍ ጥሩ ልማድ ነው።

በሩ ላይ «እንስሳ አለ፤ አይከፈት» የሚል ጽሑፍ ለጥፉ፤ ቁልፉ በኃላፊው ኪስ ይሁን። ውሻው ከትርኢቱ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ረዘም ላለ ጊዜ ከተራመደ፣ ሽንቱን ከሸናና የሚያኝከው ነገር ከተሰጠው አብዛኛውን ሰዓት ተኝቶ ያሳልፈዋል።

7. ዕቃ ሲጫን

እንስሳ በብዛት የሚጠፋው ትርኢቱ ካለቀ በኋላ ባለው ሰዓት ይመስለኛል። በሮች ሁሉ ወለል ብለው ይከፈታሉ፤ ጨለማ ነው፤ የማያውቁን ሰዎች ይመላለሳሉ፤ እኛም ደክሞናል። ሥርዓቱ ቀላል ነው፤ የመጀመሪያው የጭነት በር ከመከፈቱ በፊት እንስሳው ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ ይዘጋበታል፤ መኪናው ውስጥ የሚገባውም ሹፌሩ ሊነሣ ሲል ከሁሉ መጨረሻ ነው። ድመት ያለበት ቡድን ደግሞ የከበሮና የልብስ ሣጥኖችን ከመክደኑ በፊት በእጁ ይፈትሽ፤ በውስጣቸው ያለው ስፖንጅና ጨርቅ ድመት የሚወደው የመኝታ ስፍራ ነውና።

8. ማደሪያ

ሆቴሉ እንስሳ መቀበሉን በጽሑፍ አረጋግጡ፤ እንግዳ ተቀባዩንም ማንም ለጽዳት እንዳይገባ አሳስቡ። ድመት ወዲያውኑ በክፍሉ ሁሉ እንድትዞር አትልቀቋት፤ በመጀመሪያ በመታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ከሣጥኗ፣ ከውኃዋና ከመጸዳጃ አሸዋዋ ጋር ትቆይ። በአዲሱ አሸዋ ላይ ከአሮጌው ጥቂት ብትጨምሩበት ቦታዋን ቶሎ ታውቀዋለች። ከአልጋው ሥር ያለውን ክፍተት በትራስ ድፈኑ፤ በማለዳ ሊነሣ በተዘጋጀ ቡድን መካከል አልጋ ፍሬም ውስጥ የገባችን ድመት ማውጣት ለእሷም ለእናንተም ሥቃይ ነው።

ሙሉ ቀን ምግብ ያልቀመሰች ድመት ለሐኪም ትታይ። ወንድ ድመት ወደ አሸዋው እየተመላለሰ ሽንት ካልወጣለት፣ ወይም ጠብታ ብቻ ከሆነ፣ የሽንት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል እስኪነጋ አይጠበቅም፤ የጉዞ ጭንቀት ይህን ችግር ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ነው።

9. እንስሳው ራሱ መድረክ ላይ ከወጣ

በብዙ አገሮች ትርኢት የሚያሳይ እንስሳ ከቤት እንስሳ የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በእንግሊዝ ለምሳሌ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ እንስሳትን ለትርኢት ማቅረብን ፈቃድ ከሚያስፈልጋቸው ሥራዎች መካከል አስገብቶታል። ስለዚህ ድንበር ላይ «የቤት ውሻዬ ነው» ብሎ አልፎ ማታ ትኬት በተሸጠበት መድረክ ማውጣት ሰነዱን ሐሰት ሊያደርገው ይችላል። ከሕጉ ባሻገር የእኔ መስፈርት አንድ ነው፤ በሩ ክፍት ሆኖ በራሱ ፈቃድ ወደ መድረኩ የማይሄድ እንስሳ በዚያ ምሽት አይወጣም። ጅራቱን የወሸቀ፣ ደጋግሞ የሚያዛጋ፣ ከንፈሩን የሚልስ ወይም ፊቱን የሚያዞር ውሻ እየተጨነቀ ስለሆነ ትርኢቱ ያለ እሱ የሚሄድበት መንገድ አስቀድሞ የተዘጋጀና በልምምድ የተሞከረ መሆን አለበት።

10. ቢታመም ወይም ቢጠፋ ማን ይቀራል?

ቡድኑ ነገ ጠዋት ሌላ ከተማ መድረስ አለበት፤ እንስሳው ደግሞ ሐኪም ቤት ተኝቷል፣ ወይም ሌሊቱን አልተገኘም። በዚያ ሰዓት ስለ ውል፣ ስለ ትኬትና ስለ ፍቅር መከራከር ቡድንን ይበትናል። ስለዚህ የሚቀረው ሰው፣ የእሱን ቦታ የሚሸፍነው ሰው፣ የማደሪያውና የመመለሻው ገንዘብ ጉዞው ሳይጀመር በጽሑፍ ይወሰን። ለዚሁ የተለየው ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ እንዳይነካ ለአንድ ሰው በአደራ ይሰጥ።

ለጠፋ እንስሳ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወሳኝ ናቸው። ሣጥኑንና ያልታጠበውን ጨርቅ በጠፋበት በር አጠገብ አስቀምጡ፤ ብዙዎቹ ጸጥታ ሲሰፍን ወደ ወጡበት ይመለሳሉ። ድመት ባብዛኛው ከጠፋችበት ብዙ ሳትርቅ ተደብቃ ስለምትቆይ ከመኪና ሥር፣ ከደረጃ በታችና ከመድረኩ ወለል ሥር በባትሪ መብራት ፈልጉ፤ የዐይኗ ነጸብራቅ ይጠቁማችኋል። የቅርብ ፎቶና የሚሠራ ስልክ ቁጥር ለቦታው ጠባቂዎች፣ ለጽዳት ሠራተኞችና በአካባቢው ላሉ የእንስሳት ሐኪሞች ይድረስ፤ የማይክሮቺፕ መዝገቡም «ጠፍቷል» ተብሎ ይመዝገብ። የፈራ ውሻ ሲታይ በስሙ እየጠሩ መሮጥ ያርቀዋል፤ የሚቀረው ሰው ከአባላቱ ሁሉ ይልቅ እንስሳው የሚያምነው መሆን ያለበትም ለዚህ ነው። ያ ሰው መሬት ላይ ጎን ሰጥቶ ይቀመጥ፣ ምግቡን በአጠገቡ ያድርግ፣ ውሻው ራሱ እስኪቀርብም ይጠብቀው።